የተማሪውን የአውቶቡስ ዋጋ ማን ይከፍላል?

ስለ ተማሪዎች የመጓጓዣ ቅናሽ በመኝታ ክፍልም ሆነ በምግብ አዳራሽ ክርክር በተነሣ ቍጥር ነገሩ «መንግሥት ለተማሪ ግማሽ ዋጋ ያድርግልን» ከሚለው ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። ግማሹን ተማሪው ከከፈለ የቀረውን ግማሽ ማን እንደሚከፍል ጠይቆ የሚከራከር ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት ለማቅረብ ያሰብሁት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ የማጠናው ታሪክ እንጂ ኢኮኖሚክስ አይደለም፤ ስለዚህም ከሠንጠረዥና ከቀመር ይልቅ በሌሎች አገሮች የሆነውን እያነሣሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የውጭ አገሮቹ ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በራሳችን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የቅናሹን መጠን ከመጠየቃችን በፊት የጐደለውን ገንዘብ ማን እንደሚሞላ መጠየቅ ይገባናል። ከፋዩ በግልጽ ያልታወቀ ቅናሽ ዞሮ ዞሮ ዕዳውን በተማሪው ላይ ይጥላል፤ አንዳንድ ጊዜ በገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜ በሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም በክብር ያስከፍለዋል።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንጀምር። ስድሳ ሰው የሚይዝ አውቶቡስ አለ እንበል፤ ለምሳሌ ያህል የሙሉ ሰው ዋጋ 9 ብር፣ የተማሪ ዋጋ 3 ብር ይሁን። ስድሳውም ሙሉ ከፋዮች ቢሆኑ ከአንድ ጉዞ 540 ብር ይገኛል። ከስድሳው ውስጥ 20ው ተማሪዎች ከሆኑ ግን አርባው ሰው 360፣ ሃያው ተማሪ 60፣ በድምሩ 420 ብር ይሆናል። 120 ብር ጐደለ ማለት ነው። ነዳጁ አልቀነሰም፤ የነጂው ደመወዝም አልቀነሰም፤ ጎማውም ተማሪ ተሳፍሯል ብሎ ከመበላት አይመለስም። ይህ 120 ብር እንግዲህ ከአራት ኪሶች ከአንዱ መውጣት አለበት፤ ከባለአውቶቡሱ፣ ከሌሎቹ ተሳፋሪዎች፣ ከተማሪው ከራሱ፣ ወይም ከመንግሥት ግምጃ ቤት።

«ወንበሩ ባዶ ከሆነስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ግማሹ ባዶ ሆኖ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ 3 ብር ከፍሎ የሚገባ ተማሪ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ እርሱ ባይገባ ኖሮ ያ 3 ብርም አይገኝም ነበር። ችግሩ ተማሪው የሚሳፈረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ጋራ እየተጋፋ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ተማሪ ሲጨመር አንድ ሰው ይቀራል፤ ሃምሳና ስድሳ ተማሪ ሲጨመር ደግሞ ሌላ አውቶቡስ መግዛት የግድ ነው። ስለዚህ የአንዱ ቅናሽ ወጪ በአራት ሰዓት ከምንም የማይቈጠር፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ግን የአዲስ አውቶቡስ ዋጋ ያህል ነው። ይህን ልዩነት ወደ ሆላንድ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ባለአውቶቡሱ ሲከፍል ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ቺሊ ዋና ከተማ ወደ ሳንቲያጎ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያች ከተማ እስከ 2007 ድረስ ሕዝቡን ያመላልሱ የነበሩት የብዙ ትናንሽ ባለንብረቶች የሆኑ ቢጫ አውቶቡሶች ነበሩ። የነጂው ገቢ ከሚቈርጠው ቲኬት ጋራ የተያያዘ ስለ ነበረ ነጂዎቹ ተሳፋሪ ለመሻማት በየጐዳናው ይሽቀዳደሙ ነበር። ተማሪው በመታወቂያው የሚከፍለው ከሙሉው ዋጋ ሢሶውን ያህል ነው። የቀረውን ሁለት ሢሶ ለይቶ የሚተካ የመንግሥት ገንዘብ አልነበረም፤ ጐዶሎው የሚሸፈነው ከባለአውቶቡሱ ገቢና ከሙሉ ከፋዮች ቲኬት ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በፌርማታ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ነጂው እንዳላየ ሆኖ ማለፍ ልማድ ሆነ። በሕጉ መሠረት ልጁ መብት አለው፤ በመንገዱ ላይ ግን መብቱን የያዘው ነጂው ነው፤ መብቱም ፍሬን ከመርገጥና ካለመርገጥ ያለፈ አይደለም። ነጂውን ክፉ ሰው ነው ብለን ብንፈርድበት ስሕተት ይመስለኛል። ከላይ ባየነው ሒሳብ አሥር ተማሪ በጫነ ቍጥር ከልጆቹ እንጀራ 60 ብር ይቀነስበታል። አገሪቱ ለልጆቿ ልታደርገው የፈለገችውን ስጦታ ከዚህ ሰው ኪስ ለማውጣት ሞከረች፤ እርሱም ባለመቆም መለሰላት።

በ2006 የቺሊ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገሪቱን ያናወጠ የትምህርት ማቆም አድማ አደረጉ። ከነጭ ሸሚዝና ከጥቁር ሰማያዊ ኮታቸው የተነሣ ሕዝቡ «ፔንጉዊኖቹ» ብሎ ጠራቸው። ከጥያቄዎቻቸው መካከል የመጓጓዣ መታወቂያው በነፃ እንዲሰጥና ቀንም ሌሊትም እንዲሠራ የሚል ነበረበት። መንግሥትም መታወቂያው ለችግረኞቹ በነፃ እንዲሰጥ፣ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሃያ አራት ሰዓት እንዲሠራ ፈቀደ። የፈቀደው ግን መታወቂያውን ነው፤ ነጂው እንዲቆም የሚያደርገው ነገር ገና አልመጣም ነበር።

ይህ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ2007 ቢጫዎቹ አውቶቡሶች ተወግደው በኤሌክትሮኒክ ካርድ የሚከፈልበት አዲስ ሥርዓት ተተከለ። በ2009 ደግሞ ለሕዝብ ማመላለሻ ብሔራዊ ድጎማ የሚያቋቁም ሕግ ወጣ፤ ከሕጉም ዓላማዎች አንዱ ተማሪዎች በማነስ የሚከፍሉትን ገንዘብ መተካት ነበር። ጐዶሎው ስም ተሰጠው፤ በመንግሥት በጀት ውስጥም ቦታ አገኘ። በዚህ ብቻ ግን አልተፈታም። በአዲሱ ሥርዓት መጀመሪያ ላይ ኩባንያዎቹ ሰው ቢጭኑም ባይጭኑም የተወሰነ ገቢ የሚያገኙ ሆነው ውል ስለ ገቡ፣ አሁን ደግሞ ተማሪውንም ሠራተኛውንም ትቶ ለማለፍ የሚከለክላቸው አልነበረም። በ2012 ውሎቹ ሲታደሱ ክፍያው በአብዛኛው በተጫነው ሰው ቍጥር እንዲታሰብ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ለኩባንያው አንድ ተማሪና አንድ ሙሉ ከፋይ እኩል ሆኑ። እንግዲህ ከግምጃ ቤት ገንዘብ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ የሚወጣበትም መንገድ የነጂውን እግር ያዝዛል።

የቺሊን ነገር ሳልጨርስ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። በጥቅምት 2019 የሳንቲያጎ የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከ800 ወደ 830 ፔሶ ከፍ አለ። የተማሪዎች ዋጋ አልተነካም ነበር። ሆኖም የቲኬት መፈተሻውን ብረት በቡድን እየዘለሉ መግባት የጀመሩት ዋጋቸው ያልተነካባቸው ተማሪዎች ናቸው። በጥቅምት 18 ቀን ብዙ ጣቢያዎች ተቃጠሉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ጭማሪውን ሻሩ። ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ሕገ መንግሥቱን እስከ መለወጥ ጥያቄ ደረሰ፤ በ2022ና በ2023 የቀረቡት ሁለት ረቂቆችም በሕዝብ ድምፅ ወደቁ። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን መነሻው ነው። ለተማሪ የተለየ ዋጋ መስጠት ተማሪውን ዝም ያሰኛል ብሎ የሚያስብ ባለሥልጣን ካለ፣ ተማሪው ማታ የሚገባው ሙሉ ዋጋ ከሚከፍሉ እናትና አባቱ ቤት መሆኑን ረስቷል።

አሁን ደግሞ ተማሪው ራሱ የሚከፍልበትን መንገድ እንመልከት። ጀርመን የዚህ አገር ናት። በ1991 በዳርምስታት ከተማ ተማሪዎች የጀመሩት አሠራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፋ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተማሪዎች ማኅበር ከአውቶቡሱና ከባቡሩ ድርጅት ጋራ ይዋዋላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቢሳፈርም ባይሳፈርም በምዝገባ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ መታወቂያውም ለሙሉ ሴሚስተር ቲኬት ይሆነዋል። ሁሉም ስለሚከፍል ዋጋው ለአንድ ሰው እጅግ ያንሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይህን ዓይነቱን ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ከግቢው በር አጠገብ የሚኖረውና በእግሩ የሚመጣው ተማሪ «እኔ ለማልሳፈርበት አውቶቡስ ስለ ምን እከፍላለሁ?» አለ። በልቡ ብቻም አላለ፤ ፍርድ ቤት ሄደ። የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ1999 ግዴታው ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2000 አቤቱታውን አልቀበልም አለ። ሁሉም ቢከፍሉ ለአብዛኛው የሚገኘው ጥቅም፣ ጥቂቱ ያለ ጥቅሙ ከሚከፍለው አነስተኛ ገንዘብ ይበልጣል የሚል ነው የፍርዱ መንፈስ። እኔ በበኩሌ በፍርዱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ ጉዳይ አለ። በዚህ መንገድ ባለ ሩቅ ሰፈሩን ድኻ ተማሪ የሚረዳው ባለ ቅርብ ሰፈሩ ድኻ ተማሪ ሊሆን ይችላል። መንግሥት ከዳር ቆሞ ይመለከታል።

በ2023 ጀርመን በመላ አገሪቱ የአውቶቡስና የክፍለ አገር ባቡር የሚያሳፍር፣ በወር 49 ዩሮ የሆነ ቲኬት ለሕዝቡ ሁሉ አወጣች። ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና የክፍላተ አገሩ መንግሥታት በእኩል ተካፈሉት። ለሕዝቡ መልካም የሆነው ለተማሪዎች ማኅበራት ራስ ምታት ሆነ፤ በግዴታ የሚሰበሰበው ገንዘብ ሰው በፈቃዱ ከሚገዛው ቲኬት እጅግ ካላነሰ፣ ግዴታውን ያጸደቀው የፍርድ ምክንያት ይላላልና። ስለዚህ ከ2024 የበጋ ሴሚስተር ጀምሮ ማኅበሮቻቸው የተዋዋሉ ተማሪዎች የዚሁን ቲኬት 60 ከመቶ፣ ማለት 29 ዩሮ ከ40 ሳንቲም እንዲከፍሉ ተደረገ። በ2025 የሕዝቡ ቲኬት 58 ዩሮ ሲሆን የተማሪውም ወደ 34 ዩሮ ከ80 አደገ። ቲኬቱ ከአንድ ከተማ ወደ አገር ሰፋ፤ ዋጋውን ግን ከእንግዲህ የሚወስነው ማኅበሩ ከአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራ የሚያደርገው ድርድር ሳይሆን የመንግሥታቱ የበጀት ክርክር ሆነ። ይህ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ? ከአዳራሻችን ውስጥ ቢጠየቅ ድምፁ ለሁለት የሚከፈል ይመስለኛል።

ግምጃ ቤቱ ራሱ ገዢ ሆኖ የቀረበበት አገር ሆላንድ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም መንግሥት ከፈለ ሲባል ነገሩ ያልቃል ብለን እናስባለንና።

ከ1991 መባቻ ጀምሮ፣ ዮ ሪትሰን የትምህርት ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ የሚያገኝ የሆላንድ ተማሪ ሁሉ በባቡርም፣ በአውቶቡስም፣ በትራምም በነፃ የሚያሳፍር ካርድ ተሰጠው። መንግሥት ከባቡሩና ከአውቶቡስ ኩባንያዎቹ ጋራ በጅምላ ተዋዋለ። በሩቁ ሲታይ ይህ የተማሪዎች ድል ይመስላል። ነገር ግን ካርዱ ሲሰጥ ለተማሪው በየወሩ ይታሰብ የነበረው ድጋፍ ተቀነሰ። ተማሪው በጥሬ ገንዘብ ያገኝ የነበረው በካርድ ተለወጠለት ማለት ነው። የሆላንድ ተማሪ ደግሞ የታወቀ ባለብስክሌት ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ተከራይቶ በብስክሌት ለሚመላለሰው ካርዱ ያልጠየቀው ስጦታ፣ የተቀነሰበት ብር ግን እንጀራው ነበር። ብዙዎች ተቃወሙ። መንግሥት ከፋይ ነው ሲባል «ከየትኛው መሳቢያ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። ከመከላከያ በጀት የወጣና ከተማሪው ምሳ የወጣ ገንዘብ በሚኒስቴሩ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው።

ቀጥሎ የመጣው የባቡሩ መጨናነቅ ነው። ነፃ የሆነ ነገር ይበዛል፤ ተማሪው ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ዘመድ ለመጠየቅም፣ አገር ለማየትም ተሳፈረ። በ1994 ካርዱ ለሁለት ተከፈለ። የሳምንቱን ካርድ የመረጠ ከሰኞ ሌሊት ዐሥር ሰዓት እስከ ቅዳሜ ሌሊት ዐሥር ሰዓት በነፃ ይሄዳል፤ የቅዳሜና እሑዱን የመረጠ ከዓርብ ቀትር እስከ ሰኞ ሌሊት፤ በቀሩት ጊዜያት ሁለቱም በቅናሽ ይከፍላሉ። አከፋፈሉ ብልሃት አለበት። ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማረው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ በዩኒቨርሲቲው ከተማ ተከራይቶ ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄደው ሁለተኛውን። በሥራ ቀን ጠዋት ባቡሩን የሚያጨናንቀው ያ የግድ መምጣት ያለበት ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ከላይ የአራት ሰዓቱንና የአንድ ሰዓት ተኩሉን አውቶቡስ ያነሣሁት ይህ እንዲገባን ነው። ኋላም የዩኒቨርሲቲዎቹን የትምህርት መጀመሪያ ሰዓት ከሥራ መግቢያው ሰዓት ማራቅ ይቻል እንደሆነ ብዙ ተመክሮበታል፤ አንድን ክፍል ግማሽ ሰዓት ማዘግየት ከባቡር ፉርጎ መግዛት ይረክሳልና።

ሦስተኛው ነገር ለእኛ በተለይ የሚያስገርም ነው። የሆላንዱ የጉዞ ካርድ ሲሰጥ ስጦታ ሳይሆን በዕዳ መልክ ይመዘገባል። ተማሪው በዐሥር ዓመት ውስጥ ዲፕሎማውን ካገኘ ዕዳው ይሰረዝለታል፤ ካላገኘ ይከፍላል። አሁን ይህን በ1996 ዓ.ም. በአገራችን ከተጀመረው የወጪ መጋራት ጋራ አስተያዩት። በእኛ አሠራር ተማሪው በግቢ ሳለ ይበላል፣ ያድራል፣ ይማራል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ዕዳው ይጀምራል። በሆላንድ ምረቃ ዕዳውን ይገድላል፤ በእኛ ምረቃ ዕዳውን ይቀሰቅሳል። የትኛው ይሻላል ለማለት አልቸኵልም። የሆላንዱ ያልቻለውን ይቀጣል፤ ከትምህርቱ በድህነት ወይም በሕመም የወደቀው ሰው ዲፕሎማውን ባጣበት ላይ የባቡር ዕዳ ይጨመርበታል። የእኛው ደግሞ ሥራ ያገኘውን ያስከፍላል። (በነገራችን ላይ፣ ከተመረቀ በኋላ ካርዱን ማዘጋት የረሳ ሆላንዳዊ በየግማሽ ወሩ ሲቀጣ ለዓመታት ኖሯል። የመንግሥት ስጦታ መዝጊያውም መታወቅ አለበት።)

በ2015 የሆላንድ መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠውን ወርኀዊ ድጋፍ አስቀርቶ በብድር ለወጠው፤ ድጋፉ የተመለሰው በ2023 ነው። በእነዚህ ስምንት ዓመታት ውስጥ ግን የጉዞ ካርዱ አልተነካም። ምክንያቱን ሳስበው፣ ለጥሬ ገንዘቡ የሚከራከርለት ተማሪው ብቻ ሲሆን፣ ለካርዱ ግን ከተማሪው ጋራ የባቡርና የአውቶቡስ ኩባንያዎቹም ጠበቃ የነበሩት ይመስለኛል። ውል ያለው ሰው ዝም ብሎ አይነጠቅም።

እስካሁን ስለ ተማሪው ብቻ ተናገርን። ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ግን ከውጭ ነው። «ቆዳ የሚያለፋው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ በገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ግብር እየከፈሉ፣ ነገ ከእነርሱ የበለጠ ደመወዝ የሚበላውን ተማሪ ዛሬ በነፃ ያሳፍሩታልን?» ይህን ጥያቄ በንቀት ማለፍ አይገባም። በሆላንድ ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ የገባው በነፃ ሲሳፈር፣ ዕድሜው 18 ያልሞላው አናጢነት ወይም መካኒክነት የሚማር የሙያ ትምህርት ቤት ልጅ ሙሉ ዋጋ ይከፍል ነበር። ልጁ የመረጠው ሙያ በአካባቢው ስለማይሰጥ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ የራቀ መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ አባቱም ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ አባት ያነሰ ገቢ ሊኖረው ይችላል። ካርዱ ለእነዚህ ልጆች የተዳረሰው በ2017 ነው፤ ካርዱ ከወጣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አየርላንድ በ2022 ሌላ መንገድ ያዘች፤ ከ19 እስከ 23 ዓመት ዕድሜ ላለው ወጣት ሁሉ፣ ቢማርም ባይማርም፣ የሕዝብ ማመላለሻ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰች። ለባለሱቁ ተላላኪና ለሕክምና ተማሪው አንድ ካርድ። ለሽንኩርት ሻጯ ልጅ የሚሰጥ መልስ ከሁሉ የተሻለ ይህ ይመስለኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ በሌላ መልክ ይገኛል። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲያወጣ የኖረው በአውቶቡስ ፈንታ በመኝታ ክፍል ነው። ተማሪውን በግቢ አሳድሮ ማብላት ማለት የዕለት መጓጓዣውን ማስቀረት ማለት ነው፤ አልጋችን ራሱ አንድ ዓይነት የአውቶቡስ ቲኬት ነው። ለከተማው ሕዝብ ደግሞ በአዲስ አበባ የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች ዋጋ ከወጪያቸው በታች ሆኖ ከከተማው በጀት ሲደጎም ቆይቷል፤ ቀላል ባቡሩም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቲኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ ተለይቶ እንዲሰጥ ሲወሰንም ገንዘቡ የሄደው ወደ ተሽከርካሪው ነው። እነዚህ ሁሉ ተማሪን ከሌላው የማይለዩ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ የተደረጉ ቅናሾች ናቸው። ከሽንኩርት ሻጯ ጥያቄ አንጻር ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዋጋው ዝቅ ብሎ አውቶቡሱ ጥቂት ሲሆን ሕዝቡ ልዩነቱን በሰልፍ ይከፍላል። ሰልፉ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ፈተና ያለበት ተማሪና የቀን ሠራተኛው ግን ከሁሉ የበለጠ ይከፍሉበታል፤ አንዱ ውጤቱን፣ ሌላው የዕለት ደመወዙን። ሰልፉ ያስመረረው ወደ ታክሲ ይሄዳል፤ የታክሲው ባለቤት ደግሞ ተማሪውን በቅናሽ ጫን ቢባል የሳንቲያጎውን ነጂ ከመሆን በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። የታክሲና የነዳጅ ዋጋ በአገራችን ታሪክ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የካቲት 1966 ዓ.ም. ምስክር ነው፤ በቤንዚን ዋጋ መወደድ የተነሣው የታክሲ ነጂዎች አድማ ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ጋራ ተገጣጥሞ የት እንዳደረሰ ሁላችንም ተምረነዋል።

እንግዲህ ማኅበራችን አቤቱታ ይጻፍ ቢባል ለማን ነው የሚጽፈው? በግቢ የምናድረው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው የምንወጣው። የመጓጓዣ ዋጋ በእርግጥ የሚከብዳቸው ከቤታቸው የሚመላለሱትና፣ ከእነርሱም ይልቅ፣ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩት፣ የትምህርቱንም ክፍያ ከደመወዛቸው የሚከፍሉት ናቸው። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ እምብዛም አናያቸውም፤ ስብሰባው በሚደረግበት ሰዓት በሥራ ላይ ወይም በመንገድ ላይ ናቸውና። በእኛ ስም የሚገኝ ቅናሽ እኛን ጠቅሞ እነርሱን የሚዘል ከሆነ የሆላንዱን የሙያ ተማሪ ታሪክ መድገም ይሆናል።

በበኩሌ አቤቱታው ሦስት ነገር ለይቶ ቢናገር እወዳለሁ። የጐደለው ገንዘብ ከከተማው በጀት ወይም ከትምህርት ሚኒስቴር ከየትኛው እንደሚተካ፤ ለአውቶቡስ ድርጅቱ የሚከፈለው በተጫነው ተማሪ ቍጥር እንዲሆን፤ ቅናሹም ከሥራ መግቢያ ሰዓት በኋላና በምሽት ከፍ እንዲል። በምሽት የሚሆነው ቅናሽ ለግምጃ ቤቱ የሚከብድ አይመስለኝም፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ የሚሄድ አውቶቡስ ወንበር አያጣምና። የሚያጣው አውቶቡሱ ራሱ እንዳይሆን ብቻ ነው የሚያሰጋው፤ ስለዚህ የምሽቱ ጉዞ ቍጥር በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ግን ቍጥር ያስፈልጋል፤ ቍጥሩም በእጃችን የለም። ስንቱ ተማሪ ከየት ሰፈር ይመጣል፣ በምን ይሳፈራል፣ ስንት ይከፍላል? ይህን ለማወቅ ከሚኒስቴር ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም። ከየትምህርት ክፍሉ ሁለት ሁለት ፈቃደኞች ቢገኙ በግቢያችን በር ባሉት ፌርማታዎች ለአንድ ሳምንት ቆመው መመዝገብ ይቻላል። መዝገቡ አራት ዐምድ ይበቃዋል፤ የመጡበት ሰፈር፣ የተሳፈሩበት ሰዓት፣ የጠበቁት ደቂቃ፣ የከፈሉት ዋጋ። የማታ ተማሪዎች ከክፍል የሚወጡት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ስለ ሆነ የማታው መዝጋቢ ቢያንስ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል በፌርማታው መቆየት ይኖርበታል። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ፤ ለማታው ተራ የእኔ ስም አስቀድሞ ተጽፏል።